«ክፍት» ማለት የሚያሳልፍ ነው ወይስ የሚያግድ?
በውሃና በኮረንቲ የሙያ ቃላት ግንኙነት ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ የሙያ ቃል ብቁ መሆኑ የሚታወቀው በመዝገበ ቃላት ዓምድ ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ሲታይ አይደለም። ለብቻው ሲታይ ያማረ ቃል፣ ከሌላ ሙያ ከመጣ ባልንጀራው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲውል ሊጣላ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለውን ጠብ በአንድ ጠባብ መስክ ማሳየት ነው። መስኩም በቤት ጓሮ ዓሣና አትክልትን አጣምሮ የማልማት ዘዴ ማለትም አኳፖኒክስ፣ በተለይም የውሃው ፍሰት በኤሌክትሮኒክ ዳሳሽ አማካይነት በራሱ እንዲሄድና እንዲቆም የሚደረግበት አሠራር ነው። መስኩ ጠባብ ቢሆንም የሚያስተምረው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም የመስኖ፣ የኤሌክትሪክና የሥነ ሕይወት ቃላት በአንድ በርሜልና በአንድ ገንዳ ዙሪያ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ሌላ የቤት ሥራ እምብዛም አይገኝም።

አሠራሩን ባጭሩ እናስታውስ። በገንዳ ውስጥ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ይረባል። ዓሣው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ አሞኒያው ከበዛ ዓሣውን ራሱን ይመርዘዋል። ፓምፕ ውሃውን ከገንዳው ስቦ አትክልት ወደ ተተከለበት የጠጠር መደብ ይወስደዋል። በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አትክልቱ ናይትሬቱን ይመገባል፤ የተጣራውም ውሃ ወደ ዓሣው ይመለሳል። በዚህ ላይ የውሃውን ከፍታ የሚያውቅ ዳሳሽ፣ መረጃውን ተቀብሎ የሚወስን መቆጣጠሪያ፣ ፓምፑን የሚያስነሳና የሚያቆም ሪሌይ፣ የጎደለውን ውሃ የሚጨምር የኤሌክትሪክ ቫልቭ ሲታከሉ ሥራው ያለ ሰው እጅ የሚሄድ ይሆናል።

ዘዴው ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በ2000ዎቹ ዓ.ም. በሐዋሳና በሸዋ ሮቢት በአነስተኛ ደረጃ ተሞክሯል። እዚህ ግን ቃላቱን የምንፈትነው በሰሜን ወሎ፣ በወልድያና በመርሳ ጓሮ ላይ ነው። ይህንን ስፍራ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሐብሩ ወረዳና አጎራባቹ ቆቦ የመስኖ አገር ናቸው። ከጎሊናና ከሆርማት ወንዞች ጎርፍን ጠልፎ ማሳ ማጠጣት የቆየ ሙያ ነው፤ በቆቦና በጊራና ሸለቆ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ እየተሳበ በጠብታ መስኖ ሲሠራበት ቆይቷል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚያው በሐብሩ ይገኛል። ስለዚህ የውሃ ቃላት በሕዝቡ አፍ ላይ ሞልተዋል። የኮረንቲ ቃላት ግን ከመማሪያ መጽሐፍና ከዕቃ መመሪያ በትርጉም የመጡ ናቸው። ነገ በመርሳ ለሚኖር አባወራ ወይም እማወራ መመሪያ ይጻፍ ቢባል፣ ሁለቱ የቃላት ጎራዎች ፊት ለፊት መገናኘታቸው አይቀርም።

የመጀመሪያው ጠብ «ክፍት» እና «ዝግ» በሚሉት ቃላት ላይ ይነሣል። በተለመደው አማርኛ «ውሃውን ክፈተው» ሲባል ውሃው ይሂድ ማለት ነው፤ «ዝጋው» ሲባል ደግሞ ይቁም ማለት ነው። ይህ ፍቺ ከቧንቧ አልፎ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃዎችም ተሻግሯል፤ «ሬዲዮ ክፈት»፣ «ቴሌቪዥኑን ዝጋው» እንላለን። እንግዲህ ለአማርኛ ተናጋሪ «መክፈት» ማስጀመር፣ «መዝጋት» ማስቆም ነው። የኤሌክትሪክ ሙያ ግን ነገሩን በተቃራኒው ይናገራል። መስመሩ «ክፍት ነው» ሲባል ሁለቱ ጫፎች ተለያይተዋል፣ ኮረንቲ አያልፍም ማለት ነው፤ «ተዘግቷል» ሲባል ጫፎቹ ተገናኝተዋል፣ ኮረንቲ ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ በሙያው አነጋገር ሬዲዮን «የሚከፍት» ሰው መስመሩን «ይዘጋል»። ይህ በፊዚክስ ክፍል ውስጥ ለተማሪ የሚገለጥ እንቆቅልሽ ሊሆን ይችላል፤ በጓሮ መመሪያ ውስጥ ግን አደጋ ነው።

የአደጋውን መልክ በምሳሌ እንመልከት። ሪሌይ ሦስት የኮረንቲ ጫፎች አሉት። አንዱ የጋራ ነው፤ ሁለቱ «ኖርማሊ ኦፕን» እና «ኖርማሊ ክሎዝድ» የሚባሉት፣ በዕቃው ላይ «ኤን ኦ» እና «ኤን ሲ» በሚሉ ፊደላት የሚታተሙት ናቸው። የኤሌክትሪክ ቫልቭም በእነዚሁ ስሞች በሁለት ዓይነት ይሸጣል። በተለመደው የትርጉም ስልት እነዚህ «በመደበኛ ክፍት» እና «በመደበኛ ዝግ» ይባላሉ። እንግዲህ መመሪያው «ከሮቶው ወደ ገንዳው ውሃ የሚጨምረው ቫልቭ በመደበኛ ዝግ ይሁን፤ የፓምፑ ሽቦም በሪሌዩ በመደበኛ ዝግ ጫፍ ላይ ይታሰር» ቢል፣ ምክሩ በሙያው ረገድ ትክክል ነው። ቫልቩ ኃይል ሲያጣ ውሃውን ያግዳል፤ ሮቶውም ባዶ አይሆንም። ሪሌዩ ከመቆጣጠሪያው ትእዛዝ ሲያጣ ኮረንቲውን ያሳልፋል፤ መቆጣጠሪያው ቢበላሽም ፓምፑ አይቆምም። አንባቢው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ «ዝግ» የሚለውን ቃል አግኝቷል፤ በመጀመሪያው ቦታ «አይሄድም»፣ በሁለተኛው ቦታ «ይሄዳል» ማለት መሆኑን ከቃሉ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ፓምፑ እንዴት ዝግ ይሁን ይባላል? ስሕተት መሆን አለበት» ብሎ ሽቦውን ወደ ሌላው ጫፍ ቢያዛውር በአማርኛው የቀና፣ በሥራው ግን የተሳሳተ ይሆናል። መቆጣጠሪያው በተበላሸ ሌሊት ፓምፑ ይቆማል፤ ዓሣ በብዛት በታጨቀበት ገንዳ ውስጥ ኦክሲጅን በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ሞቃት ውሃ ከቀዝቃዛው ያነሰ ኦክሲጅን ስለሚይዝ፣ ጉዳቱ ከወልድያ ይልቅ ዝቅ ብላ በምትገኘውና ሞቅ በምትለው በመርሳ ይፈጥናል።

ሁለተኛው ጥፋት «በመደበኛ» በሚለው ቃል ውስጥ አለ። በአማርኛ «መደበኛ» ማለት የተለመደ፣ የዘወትር፣ ሥርዓቱን የጠበቀ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል በዚህ ሙያ የሚናገረው ግን ስለ ዘወትር ሥራ ሳይሆን ስለ ዕረፍት ነው፤ ዕቃው ኃይል ወይም ትእዛዝ ሳይደርሰው የሚኖርበትን ሁኔታ ያመለክታል። ቀኑን ሙሉ ኃይል እየተሰጠው ሲያሳልፍ የሚውል ቫልቭ «በመደበኛ ዝግ» ቢባል፣ አማርኛው ሐሰት ይናገራል፤ በዘወትር ሥራው ክፍት ነውና። ይህ ልዩነት ከቃላት ጨዋታ ያለፈ የሚሆነው መብራት በሚጠፋበት አገር ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት ወልድያና አካባቢዋ ለወራት ያለ መብራት እንደቆዩ ይታወሳል። ከዚያ መለስ ያለው የዕለት ተዕለት መቆራረጥም የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ስለ አንድ ቫልቭ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ስያሜው መመለስ ያለበትም ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ሁለት ግሦችን እናቀርባለን፤ እነርሱም «አሳለፈ» እና «አገደ» ናቸው። ሁለቱም ለውሃም ለኮረንቲም ያለ ጭንቀት ይነገራሉ፤ «ውሃ ያሳልፋል፣ ኮረንቲ ያሳልፋል፤ ውሃ ያግዳል፣ ኮረንቲ ያግዳል»። ፍቺያቸው በየትኛውም ሙያ አይገለበጥም። «ለቀቀ» እና «ያዘ» የሚሉት የመስኖ ቃላት ይበልጥ የተለመዱ ናቸው የሚል ቢኖር፣ ለውሃው እውነት ነው። ነገር ግን «ኮረንቲ ያዘው» በአማርኛ ኤሌክትሪክ ሰውን መታው ማለት ስለሆነ፣ «ሪሌዩ ኮረንቲ ይዟል» የሚለው አነጋገር ያስደነግጣል እንጂ አያስረዳም። «በመደበኛ» በሚለው ቦታ ደግሞ «ያለ ትእዛዝ» ቢተካ ነገሩ ይጠራል። «ያለ ኃይል» የሚለውም ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን በሪሌይ ላይ የትእዛዙ ኃይልና የፓምፑ ኃይል የተለያዩ ስለሆኑ የትኛው እንደጎደለ አይለይም። እንግዲህ «ያለ ትእዛዝ የሚያሳልፍ» እና «ያለ ትእዛዝ የሚያግድ» እንበል። ከላይ የተጠቀሰው ምክርም «ውሃ የሚጨምረው ቫልቭ ያለ ትእዛዝ የሚያግድ ይሁን፤ የፓምፑ ሽቦም በሪሌዩ ያለ ትእዛዝ በሚያሳልፈው ጫፍ ላይ ይታሰር» ተብሎ ይጻፋል። ከእንግዲህ ሽቦውን ለማዛወር የሚፈተን አይኖርም። ስያሜው ረዘመ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም አጭሩ ስያሜ የሚያስከትለው ማብራሪያ ከረጅሙ ስያሜ ይበልጥ ይረዝማል። ከዚህም ጋር በዕቃው ላይ የታተሙት «ኤን ኦ» እና «ኤን ሲ» አይነኩ፤ ባለቤቱ ጫፉን በዓይኑ የሚለየው በእነርሱ ነው። ይሁን እንጂ በቫልቭና በሪሌይ ላይ ተቃራኒ ፍሰት እንደሚያመለክቱ መመሪያው ባንድ መስመር ይናገር።

ሦስተኛው ጠብ «ዑደት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ «ዖደ»፣ ማለት ዞረ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያንን መዞር በዚሁ ስም ይጠራል። ከዚያም ሳይንሱ ተዋሰው፤ «የውሃ ዑደት»፣ «የናይትሮጅን ዑደት»፣ እንዲሁም «የኤሌክትሪክ ዑደት» ተባለ። ሦስቱም ለየብቻቸው ያማሩ ናቸው። ነገር ግን በአኳፖኒክስ ውስጥ ሦስቱም በአንድ ጊዜ አሉ፤ ውሃው ከገንዳ ወደ መደብ ይዞራል፣ ናይትሮጅኑ ከዓሣ ወደ አትክልት ይዞራል፣ ኮረንቲውም በመስመሩ ይዞራል። «ዑደቱ ተቋርጧል» የሚል ምልክት ቢጻፍ አንባቢው ምን ያድርግ? የውሃው ከሆነ ቱቦው ይፈተሽ፤ የኮረንቲው ከሆነ ሽቦው ይፈተሽ፤ የናይትሮጅኑ ከሆነ ግን ሽቦም ቱቦም አይረዳም፣ ምግብ መቀነስና ውሃ መለወጥ ነው እንጂ። በአዲስ ገንዳ ባክቴሪያዎቹ ተራብተው እስኪደላደሉ በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳልና፣ ይህንን ዑደት «ማስጀመር» ፓምፕ ከማስነሣት ጋር አንድ አይደለም። የ«ጅረት»ም ነገር እንደዚሁ ነው። መጻሕፍት ለኮረንቲ «ጅረት» ማለታቸው ውብ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው፤ እውነተኛ ውሃ በሚፈስበት ጓሮ ግን «ጅረቱ ሲቆም» የሚለው ሐረግ ሁለት አፍ ያለው ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። «ዑደት» ለናይትሮጅን ብቻ ይቆይ፤ የኤሌክትሪኩ ሕዝቡ እንደሚለው «መስመር» ይባል፣ በውስጡ የሚያልፈውም «ኮረንቲ» ይባል፤ የውሃው መመላለስ «ምልልስ» ይባል። ፓምፑ በየሰዓቱ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሠርቶ አርባ አምስት ደቂቃ እንዲያርፍ ሲደረግ ደግሞ፣ ለዚህ «ፈረቃ» የሚል የታወቀ ቃል አለ። የከተማው ነዋሪ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲጠብቅ የኖረ ነውና ፍቺውን ማንም አያስረዳውም።

አራተኛው ነጥብ «መቆጣጠሪያ» የሚለው ቃል ያለ ልክ መለጠጡ ነው። ዛሬ በየመመሪያው ቫልቩም፣ ማብሪያ ማጥፊያውም፣ የመጠን መለኪያውም፣ የሚወስነው ሣጥንም «መቆጣጠሪያ» ሲባሉ ይታያል። ቃሉ የሁሉም ሲሆን የማንም ሳይሆን ይቀራል። ለሚወስነው ሣጥን ብቻ ይተው፤ ቫልቩ «ቫልቭ»፣ መለኪያው «መለኪያ» ይባሉ። «ዳሳሽ» በሚለው ላይ ደግሞ ሁለት ተቃውሞዎች ይሰማሉ። አንደኛው «ውሃውን ሳይነካ በድምፅ የሚለካ ዕቃ ዳሳሽ ሊባል አይገባም» የሚል ነው። በእርግጥ አንዱ ዓይነት ዳሳሽ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ውሃው ልኮ፣ ድምፁ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ተጉዞ ሲመለስ የፈጀበትን ጊዜ በመቁጠር ከፍታውን ያውቃል፤ የሌሊት ወፍም በጨለማ መንገዷን የምታገኘው በዚሁ ብልሃት ነው። ነገር ግን መጽሐፍን «ዳሰሰ» ስንል በእጃችን መንካታችን አይደለምና ቃሉ ይህን ያህል ስፋት አለው። ሁለተኛው ተቃውሞ የሰዋስው ነው። ለመሣሪያ የሚስማማው የመነሻ «መ» እና የመድረሻ «ያ» ቅርጽ ስለሆነ «መዳሰሻ» ይገባ ነበር፤ «ዳሳሽ» የሠሪ ቅርጽ ነው። ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ሆኖም ልማድ ፈርዷልና አናስቸግረው። መጠንቀቅ የሚገባው ለሌላ ነው። «ዳሳሹ ውሃውን ይዘጋል» የሚል አነጋገር መጻፍ የለበትም። ዳሳሽ አይዘጋም፤ ያስታውቃል እንጂ። መቆጣጠሪያው ይወስናል፤ ቫልቩና ፓምፑ ይፈጽማሉ። ገንዳው ሲጎድል ጥፋቱ ከሦስቱ በየትኛው እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው ሦስቱ በስም ሲለዩ ነው።

ስለ ዘዴው ስምም አንድ ቃል እንበል። «አኳፖኒክስ»ን ቃል በቃል ለመተርጎም የሚደክሙ አሉ። ስሙ «ሃይድሮፖኒክስ» ከሚለው የተቀዳ ነው፤ ይህንንም አሜሪካዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ዊልያም ጌሪክ እ.ኤ.አ. በ1937 በጽሑፍ አስተዋወቀው። «አኳ» በላቲን ውሃ፣ «ፖኖስ» በግሪክ ድካም ወይም ሥራ ነው። ተተርጉሞ «የውሃ ሥራ» ቢባል ዓሣውንም አትክልቱንም አያነሣም። የምንጩ ስም ራሱ ያልገለጸውን ነገር እየቆፈሩ ማውጣት ከንቱ ድካም ስለሆነ፣ ተውሶው ይቆይ፤ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «የዓሣና የአትክልት ጥምር እርባታ» የሚል መግለጫ ቢከተለው ይበቃል። ተውሶን መፍራት አይገባም። «ሮቶ» የንግድ ስም ነበር፤ ዛሬ ማንኛውም የፕላስቲክ ታንከር ሮቶ ነው፤ አማርኛም በዚህ አልተጎዳም። አማርኛን የሚጎዳው የራሱን ቃል ከለመደው ፍቺ አፈናቅሎ ተቃራኒውን እንዲናገር ማስገደድ ነው።

በመጨረሻ ሊያጓጓ ስለሚችል አንድ ስያሜ ማስጠንቀቅ እንወዳለን። በሰሜን ወሎ የመስኖ ሥርዓት ውስጥ «የውሃ አባት» የሚባል ሹም አለ። ተራ ይደለድላል፤ ቦይ እንዲጠረግ ሰው ይጠራል፤ ጠብ ሲነሣ ይዳኛል። ውሃን በራሱ የሚያዝዘውን ሣጥን «የውሃ አባት» ብሎ መሰየም ለአገር ወዳድ ቃል ፈጣሪ የሚጥም ይመስላል። ነገር ግን ይህ ስም የሥልጣን ብቻ ሳይሆን የኃላፊነትም ስም ነው። የውሃ አባት ቢያዳላ ይከሰሳል፤ ቢያጠፋ ይወቀሳል፤ ለተበደለው መልስ ይሰጣል። ሣጥኑ ግን የተሰጠውን ቁጥር ከመፈጸም በቀር የሚጠየቅበት ነገር የለውም። ስሙን ለሣጥኑ ብንሰጥ ተጠያቂነቱ ከሰው ላይ ይነሣል፤ ዓሣው ሲሞት «የውሃ አባቱ ነው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ይልቅስ መመሪያው በቤቱ ውስጥ ጠዋትና ማታ ገንዳውን የሚያይ፣ ማጣሪያውን የሚጠርግ፣ መብራት ሲጠፋ ውሃውን በእጁ የሚያናፍስ አንድ ሰው በስም እንዲመደብ ይዘዝና፣ ያን ሰው የቤቱ የውሃ አባት ይበለው። ስሙ በቦታው ዋለ ማለት ያን ጊዜ ነው።

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ደንብ ይጠቀለላል። የሙያ ቃል ከመጽደቁ በፊት በተወለደበት ሙያ ብቻ ሳይሆን፣ በተግባር አብረውት ከሚውሉት ሙያዎች ቃላት ጋር በአንድ የትእዛዝ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይፈተን። ዓረፍተ ነገሩም ለባለሙያ ሳይሆን ለሚሠራበት ሰው ይነበብለት፤ ሰምቶ በእጁ የሚያደርገው ይታይ። በ1989 ዓ.ም. የታተመውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የመሰሉ ሥራዎች ዓምዱን በአቻ ቃላት ሞልተውልናል፤ ይህም ታላቅ ድካም ነው። የሚቀረው ድካም ቃላቱን ከዓምዱ አውጥቶ ወደ ጓሮው መውሰድ ነው። ለዚህም በሐብሩ፣ በቆቦና በሌሎች የመስኖ አገሮች ያሉ አንባብያን ለውሃ ማሳለፍና ማገድ፣ ለተራና ለመጠን መለኪያ በአካባቢያቸው የሚነገሩትን ቃላት፣ ከሚነገሩበት ዓረፍተ ነገር ጋር እየጻፉ ቢልኩልን፣ እዚህ የቀረቡት ስያሜዎች ወይ ይጸናሉ፣ ወይ በተሻለ ይተካሉ።